የማይንቀሳቀስ ክንድ ላይ የታሰረ ሰዓት

መጋቢት 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

አባትሽ ከሞተ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። አንቺ ይህን ሁሉ ጊዜ በስሙ እየፈረምሽ ዘጠኝ ደብዳቤ ላክሽልኝ፤ እኔም ለሞተ ሰው መልስ ስጽፍ ኖርኩ። የበደልሽኝ በደል ይኸው ነው። ሳላቆላምጠው ልጻፈው ብዬ በእሱ ጀመርኩ። ሰላምታ የጎደለው ረስቼው አይደለም።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ አሁንም በእሱ ስም፣ ለምን ዝም እንዳልኩ ጠይቀሻል። ዝም ያልኩት ከጎረቤታችሁ ከጡረተኛው መምህር መልስ እየጠበቅኩ ስለነበር ነው። ሁለት መስመር ጻፈልኝ። የመጀመሪያው ቀኑን ይናገራል። ሁለተኛው «እስካሁን ያልሰሙ አልመሰለኝም ነበር» ይላል። ሰውየውን አትቀየሚው። ጠየቅሁት፤ መለሰልኝ።

እንዴት ነቃ ብለሽ ትገረሚ ይሆናል። በእጅ ጽሑፉ አይደለም። አባትሽ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ እየተናገረ የምትጽፊው አንቺ ነበርሽ፤ ጽሑፉ ድሮም ያንቺ ነው። እኔም ጆሮዬ ስለማይሰማ ስልክ አልይዝም። ያጋለጠሽ ሰዓቱ ነው።

በጥቅምት የመጣው ደብዳቤ፣ ወንድሜ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው እንደሆነና በዕድሜው አንድ ጊዜ ጥሩ ሰዓት ማሰር እንደሚፈልግ ይናገራል። ከሁለት ውድ ሰዓቶች አንዱን መምረጥ አቅቶታል። አንደኛዋ የወርቅ ናት፤ እንደ ሳንቲም የሳሳች፣ በየጠዋቱ በጣት የምትሞላ። ሁለተኛው የብረት ነው፤ ውሃ የማያስገባ፣ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን በራሱ የሚሞላ። ሻጩ የድሮ ወዳጁ በመሆኑ ሁለቱንም ለሙከራ ያውሰዋል። የትኛውን ልግዛ ይለኛል።

እኔም መለስኩ። አንዷን ሰባት ቀን እሰር፣ ሌላውን ሰባት ቀን እሰር አልኩት። በየጠዋቱ በሬዲዮው የሰዓት ድምፅ አመሳክርና የቀደመውን ወይም የዘገየውን ሰከንድ ጻፍ አልኩት። በታኅሣሥ ሠንጠረዡ መጣ፤ በማስመሪያ የተሰመረ። የወርቋ በቀን ስድስት፣ ሰባት፣ አምስት ሰከንድ ትዘገያለች። የብረቱ በቀን ሁለት ይቀድማል፤ አንድ ቀን ብቻ ሦስት። ሰባቱንም ቀን ሳይቆም ሄዷል።

ከሱቄ አጠገብ ለተቀመጠው ጫማ ሰፊ አሳየሁት። ወንድሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩትን አደረገ አልኩት። ጫማ ሰፊው ሠንጠረዡን ገለባብጦ አየና «ታሞ እንዳይሆን» አለኝ። ሳቅሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ የሰው ሰዓት ፈትቼ ሳለ ካቻቢቴው እጄ ላይ ቆመ። አባትሽ ከግንባታ መወጣጫ ላይ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ግራ ክንዱ ለሃያ ሁለት ዓመት አልተንቀሳቀሰም። አንድ እጅ ብቻ የሚሠራለት ሰው ሰዓት የሚያስረው በማይሠራው እጁ ላይ ነው፤ የሚሠራው እጅ የራሱን ማሰሪያ ሊቆልፍ አይችልምና። ራሱን የሚሞላ ሰዓት፣ በጨርቅ ታስሮ ደረት ላይ በተንጠለጠለ ክንድ ላይ ቢውል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይቆማል። ያንቺ ሰባት ቀን ሄደ። የሚወዛወዝ፣ ዕቃ የሚያነሳ፣ በር የሚከፍት ክንድ ላይ ነበር።

በየትኛው እጅህ አሰርከው ብዬ ጻፍኩ። «እንደ ሁልጊዜው በግራዬ» ብለሽ መለስሽ። ያኔ ለመምህሩ ጻፍኩ።

ሁለት ቀን ሄዶ ቆመ ብትዪኝ ኖሮ ዛሬም ለሬሳ እየጻፍኩ እኖር ነበር። ደብዳቤውን ሁሉ ዋሽተሽ ቁጥሩን ያልዋሸሽው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አልጠይቅሽምም።

ከእንግዲህ በእሱ ስም አትጻፊልኝ። በራስሽ ስም ብትጽፊ አላነብም ብዬ አልምልም፤ እመልሳለሁ ብዬም አልምልም።

አጎትሽ


መጋቢት 21 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ይህን ቃል በራሴ ስም ስጽፍልዎ የመጀመሪያዬ ነው። እሱን ለመጻፍ ብቻ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

አልጠይቅሽም ብለዋል፤ እኔ ግን ሳልጠየቅ ልናገር። አባቴ ያረፈው ሚያዝያ 3 ቀን ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበሩ ላይ ነው። ሻይ ይዤለት ስመለስ አንገቱ ዘንበል ብሏል። የተኛ መስሎኝ ብርጭቆውን ከጎኑ አስቀምጬ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ያወቅሁት ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

እርስዎ ያን ቀን የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ስምንተኛ ቀንዎ ነበር። ሐኪምዎ በስልክ፣ ትንሽ ድንጋጤ እንኳ እንዳያገኝዎ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ሲያገግሙ እነግርዎታለሁ ብዬ ቆየሁ። ሐሳቤ ሦስት ሳምንት ነበር።

ከዚያ ደብዳቤዎ መጣ። አልጋ ላይ ሆነው የጻፉት፣ መስመሩ የሚወላገድ። «ሰው ደረቱን ተሰንጥቆ ተኝቶ ወንድሙ አንድ መስመር አይጽፍለትም? ሞተሃል እንዴ?» ይላል። ኩሽና ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ «አልሞትኩም» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ውሸት ያ አንድ ቃል ነው። የቀረው ሁሉ እሱ እንዳይወድቅ የተደገፈ ድጋፍ ነው።

ሁሉንም በእርስዎ ልብ ማላከክ አልፈልግም። በሰኔ ድነዋል፤ ልነግርዎ እችል ነበር። ነገር ግን ልጽፍልዎ ስቀመጥ ድምፁ ይመለስልኛል። መልስዎ ሲመጣ ደግሞ ፖስታው ላይ ስሙን አነባለሁ። ፖስታውን እስክከፍት ድረስ አባት አለኝ።

ስለ ቁጥሩ፦ እኔ የምሠራው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ እንደሆነ ያውቃሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየሰዓቱ የክሎሪኑን ልክ እያነበብኩ መዝግቤአለሁ። ሥራ ያስለመደኝ ሰው «ያላየውን ቁጥር የጻፈ ሰው ውሃውን መርዟል» ይል ነበር። የብረቱን ሰዓት ሰባት ቀን አሰርኩት። ያየሁትን ጻፍኩ። የአባቴ ክንድ ትዝ አላለኝም። ከቁጥር ጋር ስሆን ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

ሰዓቱም ለአባቴ አልነበረም። በጥቅምት የጣቢያው ኃላፊ አደረጉኝ። አባቴ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት፣ ጣቢያውን የሰጡሽ ቀን አንድ ጥሩ ሰዓት ግዢ፣ አጎትሽን ሳትጠይቂ ግን እንዳትገዢ ብሎኝ ነበር። በራሴ ስም ብጠይቅዎ «አባትሽስ?» ይሉኛል። ስለዚህ እሱን አስጠየቅሁት።

ሁለቱም ሰዓቶች ሻጩ ሳጥን ውስጥ ናቸው። እስከ ግንቦት መጨረሻ አልሸጣቸውም ብሎኛል። አሁን ስለዚህ ማንሳቴ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 30 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽው፦ ልቤ ይመታል። መድኃኒቱን እውጣለሁ። ከዚህ በላይ የሚነገር የለውም።

መሞቱን ስለ መደበቅሽ ያልሽውን አነበብኩ። ከሐኪሙ ጋር አልከራከርም። ከዘጠኙ ደብዳቤ የጎዳኝ የጥቅምቱ ነው። ለምን እንደሆነ ስለማይገባሽ ልንገርሽ።

ሱቄ የሕንፃ ደረጃ ሥር ናት። ከላዬ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል፤ ትንንሾቹን ጥርሶች የምገጥመው በሁለት ሰው እርምጃ መካከል ትንፋሼን ይዤ ነው። እንዲህ አርባ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ማንም አላስተማረኝም። የተሰበረ ሰዓት ለምኜ እየፈታሁ፣ ያልገጠመውን እንደገና እየፈታሁ ለመድኩ። አባትሽ ታላቄ ነው፤ ግንበኛ ነበር። ሰው ወጥቶ ካልቆመበት ሥራ አይመስለውም። ወረንጦዬን አንስቶ «በዚህ ነው ቅንድብ የምትነቅለው?» ይላል። አንድ ቀን እንኳ፣ ይህ ጥርስ ምን ይሠራል፣ ይህች ሞላ ለምን ተጠመጠመች ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁት። ሰው እንደዚህ ያለ ነገር መጠበቁን አይናገርም።

በጥቅምት ጠየቀኝ። በሰማንያ ዓመቱ፣ የትኛውን ልግዛ አለኝ። ደብዳቤውን ደረት ኪሴ ከትቼ ሁለት ወር ዞርኩ። አሁን የጠየቅሽኝ አንቺ እንደሆንሽ ትነግሪኛለሽ።

መንቃት የነበረብኝም ያኔ ነው። በዘጠኙ ደብዳቤ ውስጥ ወንድሜ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰደበኝም። አርጅቶ ልቡ የለሰለሰ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን ስጽፈው አፍራለሁ።

አጎትሽን ሳትጠይቂ እንዳትገዢ ብሎኛል ትያለሽ። ከአፉ ያልወጣ ቃል ዘጠኝ ጊዜ በአፉ ያደረገ ሰው አሥረኛውን ምን ይከለክለዋል? እውነት ብሎ እንደሆነ የምመሰክርበት መንገድ የለኝም። አንቺም የለሽም። ስለዚህ የሰዓቱን ነገር ተይው። ለማያምኑት ሰው ዕቃ አይመረጥም፤ እኔም ለማላምነው ሰው አልመርጥም።

የሚጻፍ ሌላ ነገር ከሌለሽ መልስ አልጠብቅም።

አጎትሽ


ሚያዝያ 10 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

መልስ አልጠብቅም ቢሉም ጻፍኩ። ዓመት የሆነው ባለፈው ሳምንት ነበር። እኔና መምህሩ መቃብሩ ጋ ሄደን ትንሽ ቆመን ተመለስን። መምህሩ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንም እንዳላጠፋ ነገርኩት።

የምትመሰክሪበት መንገድ የለሽም ያሉት እውነት ነው። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን። ነገር ግን ያለውን ሁሉ አልነገርኩዎትም። የተናገረውን አሳምሬና አሳጥሬ ነበር የጻፍኩልዎ፤ እንደ ዘጠኙ ደብዳቤ። አሁን እንዳለ ልጻፈው። ከተቆጡም በእሱ ይቆጡ።

የካቲት ውስጥ ነው። የግራ እጁን ጥፍር እየቆረጥኩለት ነበር። በዚያ እጁ ስለማይሰማው ሌላ ሰው እጅ ላይ የምሠራ ያህል እያየ ይስቅብኛል። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ ኃላፊው ጡረታ ሊወጣ እንደሆነና ስሜ እንደተነሳ ነገርኩት። ያኔ እንዲህ አለኝ፦

«የሰጡሽ ቀን ጥሩ ሰዓት ግዢ። የሚያብረቀርቅ አይተሽ ደግሞ እንዳትሸወጂ፤ ለዚያ ለትንኝ ወጌሻ ጻፊለት። ግትር ነው። ከሰው አይስማማም። ሚስት ያላገባውም ሰከንድ የማታዛንፍ ሴት አጥቶ ነው። ሰዓት ግን ያውቃል። እኔ ካቆምኳቸው ግድግዳዎች ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። እሱ የጠገነው ሰዓት ተመልሶ መጣ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

ጥፍሩን ጨርሼ ስነሳ ደግሞ «ይህን እንዳትነግሪው፤ ይኮራል» አለኝ።

እንዳትነግሪው ስላለኝ አልነገርኩዎትም። ዛሬ ቃሉን አፈረስኩ።

በደብዳቤዎቹ ውስጥ ያልሰደበዎ ለምን እንደሆነም ልንገርዎ። አባቴ እየተናገረ ስጽፍ «አንተ የትንኝ ወጌሻ» ብዬ መጻፍ አይከብደኝም ነበር፤ ቃሉ የሱ ነው፣ እጁም የሱ ነው። ብቻዬን ስቀመጥ ግን እጁ የኔ ሆነ። ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። የአባቴን ታናሽ ወንድም እኔ ልሰድብ አልቻልኩም። መዋሸት ችዬ መሳደብ አቃተኝ፤ ቢስቁብኝም እውነቱ ይኸው ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 24 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ሚስት ስላለማግባቴ የተናገረው ሐሰት ነው። አንዲት ሴት ነበረች። እሱም ያውቃታል። የሄደችው በኔ ጥፋት እንጂ በሰከንድ አይደለም።

የጠገነው ሰዓት ተመልሶ አልመጣም ያለውም ትክክል አይደለም። ሁለት መጥተዋል። አንዱን ባለቤቱ ውሃ ውስጥ ጥሎት ነው። ሌላው የኔ ጥፋት ነው፤ አንዲት ብሎን ሳላጠብቅ ዘጋሁት። ልክ ያልሆነ ምስጋና አልቀበልም፤ ከእሱም ቢሆን።

ቃሉ ግን የሱ ነው። «ይኮራል» የምትለዋን አንቺ ልትፈጥሪያት አትችዪም። አምኜሻለሁ።

ሱቄን አራት ቀን ዘጋሁ። ስመለስ ጫማ ሰፊው ታመህ ነበር ወይ አለኝ። ወንድሜ ሞተ አልኩት። ተነስቶ እጄን ያዘኝ። መቼ አለኝ። አምና አልኩት። የያዘውን እጄን ምን እንደሚያደርገው ጠፋውና ትንሽ ይዞ ቆሞ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ስለማልሰማው ሁለት ጊዜ መናገር አለበት።

አሁን ለምጠይቅሽ ጥያቄ በቅጡ መልሺ። እጅሽን በቀን ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ ትከቻለሽ? በየትኛው እጅሽ ትጽፊያለሽ? ጠዋት በስንት ሰዓት ትነሻለሽ፣ ከዚያስ ምን ታደርጊያለሽ? ቤቱ ውስጥ ካንቺ ሌላ ሰው አለ? ሻጩ የወርቋን ኋላ ከፍቶ ያሳይሽና በውስጥ በኩል የተጫረ ነገር ካለ ጻፊልኝ። ሰዓት የጠገነ ሰው ክዳኑ ውስጥ ቀኑን በመርፌ ጫፍ ይጭራል። አዲስ ነው ብሎ የተጠገነ እንዳይሸጥልሽ።

ከውሃ፣ ከእጅና ከሰዓት ውጭ ያለውን ሌላውን ነገር ለመጻፍ አትቸኩዪ።

አጎትሽ


ግንቦት 4 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጥያቄዎን ፊቴ ዘርግቼ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

እጄን በቀን አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ ውሃ ውስጥ እከታለሁ። ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ ናሙና መቅዳት የኔ ሥራ አይደለም፤ ግን እቀዳለሁ። ሠራተኞቹ በሌለሁበት «እመት ጠብታ» ይሉኛል። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ፤ ስሙን ወድጄዋለሁ። ቢሮዬ ከገንዳዎቹ በላይ ነው። ፓምፖቹ ሲሠሩ የመስኮቱ መስታወት ይንጫጫል። ለምጄው ስለማልሰማው፣ የምደነግጠው ሲቆሙ ነው።

የምጽፈው በቀኜ ነው።

የወርቋን ሻጩ ከፈተልኝ። በማጉያ አየን። ውስጧ የተጫረ ነገር የለም። «አጎትሽ አሁንም በሕይወት አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያስ ዋጋውን ከመናገሬ በፊት ልጠንቀቅ» አለ።

ጠዋት የምነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ የማደርገው ነገር የለኝም። ይህ መልስ እንዳይመስልዎት፣ ላስረዳዎ። አባቴ እያለ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፊቱን አጥባለሁ፣ ሸሚዙን በሞተው ክንዱ በኩል ጀምሬ አለብሳለሁ፣ ክንዱን በጨርቁ አንጠለጥላለሁ፣ ወንበሩን ወደ ብርሃን አዞራለሁ። አንድ ሰዓት ይወስድብን ነበር። አሁንም በዚያው ሰዓት ዓይኔ ይገለጣል። ተነስቼ መኝታ ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። እጄን የማደርግበት አጣለሁ። ቆሜ ቆሜ ሰዓቴ ሳይደርስ ሥራ እሄዳለሁ። የጣቢያው ዘበኛ ኃላፊነቱ ያጓጓኝ ይመስለዋል።

ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 17 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

የግንቦት 4ቱ ደብዳቤና ከሁለት ቀን በኋላ የላክሻት አጭር ወረቀት በአንድ ቀን ደረሱኝ። መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ።

ቁጥሩ ለብረቱ ይፈርዳል። የተሻለ ሰዓት ነው። ውሃ ይችላል፤ በቀን ሁለት ሰከንድ ደግሞ ማንም የማያፍርበት ልዩነት ነው። እጁን ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ለሚከት ሰው ሌላ ምረጥ ብባል እስቃለሁ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ የብረቱን ግዛ ብዬ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር።

አንቺ የወርቋን ግዢ።

ምክንያቱን ልጻፍልሽ፤ ያለ ምክንያት ምክር ሰጥቼ አላውቅም። የብረቱ አይፈልግሽም። ክንድሽ እስከተወዛወዘ ድረስ ይሄዳል፤ ስትረሺውም ይሄዳል። የወርቋ በየቀኑ ካልሞላሻት ትቆማለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትነሺ፣ በር ላይ ከመቆምሽ በፊት አንሻት። መሙያዋን በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ይዘሽ ቀስ እያልሽ አዙሪ። ሠላሳ ዙር ያህል ነው። እምቢ ስትልሽ ተዪያት፤ አታስገድጂያት። ሁለት ደቂቃም አይሞላም። አንድ ሰዓቱን ሁሉ አይሞላልሽም፤ ያንን የሚሞላ ዕቃ አልተሠራም። ግን እጅሽ የሚያርፍበት ያገኛል፤ አንቺን የሚጠብቅ አንድ ነገርም ቤቱ ውስጥ ይኖራል።

ወደ ገንዳዎቹ ስትሄጂ አውልቀሽ ቢሮ ትተሻት ውረጂ። በርጥብ እጅሽ አትንኪያት። በቀን ስድስት ሰከንድ የምትዘገየውን እንዲያስተካክላት ለማንም አትስጪ። ሰዓቷን የሚነካት ሰው ማን እንደሆነ እኔ እወስናለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰባት የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሏል። ሰዎች ሊያስጠግኗቸው አመጧቸው፤ ጠግኜ ጠበቅሁ፤ አልተመለሱም። አንዳንዱ ሌላ ሰዓት ገዝቷል፣ አንዳንዱ አገር ለቋል፣ አንዳንዱም ሞቷል። በየጠዋቱ ሱቄን ስከፍት ሰባቱንም እሞላለሁ። ጫማ ሰፊው፣ ባለቤት ለሌለው ሰዓት ምን ትደክማለህ ይለኛል። ሞላው እንዳይዝግ ነው እለዋለሁ። ሞላ በዚህ አይዝግም። አንድ ቀን ሳልከፍት ብቀር ማታ መቆማቸውን የሚያይ ሰው ይኖራል ብዬ ነው። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም።

አሁን ወደ ትንሿ ወረቀት ልምጣ።

ልምጣና ልይዎ ብለሻል። ሁለት ቀን በአውቶብስ ተቀምጠሽ መጥተሽ የምታይው ሽማግሌና ደረጃ ነው። እኔም ወደዚያ አልመጣም፤ መቃብር ቆሞ ማየት ምን እንደሚጠግን አላውቅም። ያም ሆኖ ልከለክልሽ አልችልም። ከመጣሽ በሥራ ቀን ነይ፤ እሑድ ዝግ ነው። ከጠረጴዛዬ ፊት አንድ ወንበር አለ። ባዶ ነው።

እስከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጻፊ። ሰዓቷ የዘገየችውን ሰከንድ ጻፊልኝ። ከሥሩ ቦታ ከተረፈሽ ደግሞ የጣቢያውን፣ የመምህሩን፣ የፈለግሽውን ጨምሪ። በራስሽ ስም ፈርሚ። ስትጽፊ እኔን ለማስደሰት ብለሽ ቃል አታለስልሺ፤ ለስላሳ ደብዳቤ አንዴ አሳስቶኛል።

ይቅር ብለውኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ራሴን ካስተማርኩት ነገር ውስጥ ይቅር ማለት አልነበረም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምረውም። በደሉ በደል ነው። አልቀነስኩትም፤ አልጨመርኩበትምም። ዘጠኙን ደብዳቤ አላቃጠልኩም፣ አልቀደድኩም። መሳቢያ ውስጥ፣ አባትሽ በእውነት ከላካቸው ጋር በአንድ ክር ታስረዋል። የቱ ከየት እንደሚጀምር ምልክት አላደረግሁም።

ይህን የጻፍኩት ለመጨረሻ ጊዜ ስለሆነ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያ አሥራ አንድ ወር በመካከላችን አይነሳም። አንቺም አታንሺው፤ ብታነሽው ያንን መስመር ዘልዬ ሌላውን አነባለሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ ብትጀምሪው ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ሥራዬን እሠራለሁ። ጫማ ሰፊው ቢጠይቀኝ ምንም የለም እለዋለሁ። እኔ እስክሞት ድረስ ስለዚህ ነገር ከአፌም ከብዕሬም አንድ ቃል አይወጣም።

አጎትሽ